የኳስ ሰፊዋ ኦዲሊና የሳን ኢሲድሮ ዕለት

መሬቱንማ ሊሸጡት ነበር እኮ። ለገዢው ለዊልበርት ቃሏን የሰጠችው ራሷ ጎረቤቴ ዶኛ ኢስሜኒያ ናት፣ ማንም እጇን አልጠመዘዛትም። አሁን ብትጠይቂያት «እኔ? መቼ?» ትልሻለች። ተያት። እኔ አጥሩ ጋ ጎንበስ ብዬ ዶሮዬን ስፈልግ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዶሮዋ እንኳ ቤት ውስጥ ነበረች።

ዊልበርት ያን የሚያብረቀርቅ መኪናውን የላሞቹ በር ላይ ገትሮ፣ ጫማውን አመድ እንዳይነካበት እንደ ድመት እየረገጠ፣ ተራራውን ሊያዩ ለሚመጡ ቱሪስቶች የእንጨት ቤት እሠራበታለሁ ይላታል። ተራራው አመድ ሲተፋ ማየት የሚወድ ሰው አለ አሉ። እኛ አመዱን ከጣሪያ ስናወርድ፣ ከሣሩ ላይ ስናጥብ፣ ከልጅ ጆሮ ስንጠርግ ከረምን፤ እነሱ ደግሞ ከፍለው ሊያዩት። ኢስሜኒያ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። እግሯን ያማታል፣ ዳገቱ አንገሽግሿታል፣ ታች ቱሪያልባ ከተማ ትልቁ ልጇ ኦልማን ጋ ገብቼ አርፋለሁ ብላለች። መሬቱ በሷ ስም ነው፣ ባሏ ሲሞት ለሷ ነው የተወላት። የገበሬዎቹ ቅዱስ የሳን ኢሲድሮ ዕለት፣ ከብቶቹ ከተባረኩ በኋላ እንፈራረማለን ተባባሉና መኪናው ሄደ።

መሬቱ ላይ የሚኖረው፣ ላሞቹን የሚጠብቀው ትንሹ ልጇ ኤልየሴር አጠገቧ ቆሞ ነበር። ምን አለ? ምንም። ኤልየሴር ደግ ሰው ነው፣ ግን ሐሳቡ ሁልጊዜ ከሰውነቱ ኋላ ነው የሚደርሰው። ነገሩ የገባው ራት ላይ ነው። ያኔ ማንኪያውን አስቀምጦ ለሚስቱ ነገራት።

ሚስቱ ያቺ ኦዲሊ ናት፣ ቁጭ ብላ የማትታየው። እሷ የተወለደችው ታች ሸንኮራ እርሻው ውስጥ ነው፣ ባለቤቱ ለሠራተኞቹ በሰጠው ረጅም ቤት፣ ባንድ ጣሪያ ሥር ስንት ቤተሰብ ተደርድሮ። አገዳው ተቆርጦ ሲያልቅ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ እርሻ። እናቷ ሎሚ ተክላ ፍሬውን ቀምሳ አታውቅም። ኦዲሊ ኤልየሴርን አግብታ እዚህ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰለሽ? አጥሩን በእጇ እየነካካች ዙሪያውን ዞረች። ካንዱ እንጨት ወዳንዱ እንጨት፣ እስከ ወንዙ ወርዳ ተመልሳ። እኔ ልጁ ያገባት እብድ ናት ብዬ ለሰፈሩ አዳርሻለሁ። ከዚያ ሎሚ ተከለች። ሎሚው ዛሬ ከጣሪያው በላይ ነው። እኔም ከሱ ነው የምለቅመው፣ ስታይ ጠይቄ፣ ሳታይ ሳልጠይቅ።

ታዲያ ለምን ኳስ የምትሰፋበትን ፋብሪካ ትታ መሬቷ ላይ አታርፍም ትይኝ ይሆናል። ኢስሜኒያም ይሄንኑ ነበር ጠዋት ማታ የምትላት። አመዱ ከመጣ ወዲህ ሣሩ ላሞቹን አያጠግብም፣ መኖ ይገዛል፣ መኖው ደግሞ የሚመጣው ከኳሱ ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ሎሚ ላይ ይዛኝ፣ እኔም ወሬ ለማስቀየር ስጠይቃት፣ ራሷ ነገረችኝ። እዚህ የኤልየሴር ሚስት ነኝ፣ የኬይሊን እናት ነኝ፣ የዶኛ ኢስሜኒያ ምራት ነኝ፤ እዚያ ወንበሬ ላይ ግን ስሜ ተጽፎበታል፣ ኦዲሊ ይላል፣ አለችኝ። እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ግን ገባኝ።

የሚሠሩትን ታውቂያለሽ፣ አሜሪካኖቹ በዱላ የሚመቱትን፣ ቤዝቦል የሚባለውን ኳስ ነው። እዚህ አገር ማንም አይጫወተውም። የኛ ልጆች በእግራቸው ካልጠለዙት ኳስ አይመስላቸውም። ውስጡ የሱፍ ክር የተጠቀለለበት ድቡልቡል ነው፣ በላዩ ሁለት ነጭ ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳውን እርስ በርሱ የሚያያይዘው ሰም የተቀባ ቀይ ክር ነው። ይህን የሚሰፋ ማሽን አቅቷቸዋል አሉ፣ ስለዚህ በእጅ ነው። ኳሷን ጉልበትሽ ፊት ሞርሳ ላይ ታስሪያለሽ፣ በሁለት እጅሽ ሁለት መርፌ ታሻግሪያለሽ፣ ከዚያ ክሩን ስትስቢ ክንዶችሽ እንደ ወፍ ክንፍ ወዲህና ወዲያ ይዘረጋሉ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዲህ ሲዘረጋና ሲያጥፍ ይውላል፣ ማንም አይበርም እንጂ።

የተሰፋችው ኳስ ደግሞ ወደ ተቆጣጣሪዋ ትሄዳለች። ተቆጣጣሪዋ ከራሷ በላይ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ታያታለች። ስፌቱ ካላማራት እጇን ሳታወርድ «የማን ናት?» ትላለች። ያኔ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ኦዲሊ ያንን ጸጥታ የምትፈራውን ያህል ተራራውን አትፈራም። ጎበዝ ሰፊ ናት፣ ስሟ ብዙ ጊዜ አልተጠራም፣ ግን ፍርሃቱ ገብቷል። ቤቷ ውስጥ ዕንቁላል ስታነሳ እንኳ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ፣ ዞር ዞር አድርጋ ነው የምታየው። እኔ ሁለቴ ዕንቁላል አበድሬያት ሁለቴም ተቀይሜያለሁ።

እና ያን ማታ ባሏ ሲነግራት አላለቀሰችም። ሳህኗን አነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ አማቷ ክፍል ገባች። እኔ አልነበርኩም። የነገረችኝ ልጃቸው ኬይሊን ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ግን ወሬ ስታመጣ እኔ የወለድኳት ያስመስላታል።

«ዶኛ ኢስሜኒያ» አለቻት፣ «እስከ ሳን ኢሲድሮ ቀን ይስጡኝ።»

«ቀኑማ ተቆርጧል። ምን ልታደርጊበት?»

«ሁሉንም አትችይም ይሉኛል። ይዩኝና ይፍረዱ። ላሞቹም፣ ሥራዬም፣ ልጄም፣ አንዳቸውም ሳይጎድሉ።»

አሮጊቷ ሦስት ጣቷን አወጣች። ላም፣ ሥራ፣ ልጅ። «ከሦስቱ አንዱ ከጎደለስ?»

«ከዚያ ወዲያ ስለ መሬቱ አፌን አልከፍትም።»

«እሱ ብቻውን ይበቃኛል» አለቻትና መብራቱን አጥፊ አለቻት።

ከዚያ ወዲያ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ሰው ሲሮጥ እያየሽ መተኛት አይቻልም። ጎህ ሳይቀድ የኦዲሊ ባልዲ ሲንኳኳ እሰማለሁ። አራቱንም ላም በእጇ ታልባለች፣ ወተቱን ለአይብ የሚያረጋውን ጨምራበት ትሸፍናለች፣ ሩዙንና ቦሎቄውን በድስት ላይ ታማስላለች፣ የኬይሊንን ፀጉር በአንድ እጅ እየጎነጎነች በሌላው ጫማዋን ታስራለች፣ ከዚያ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወደ አውቶቡሱ። ሹፌሩ ሳያያት አይነሳም፣ ሰው እየሮጠ ሲመጣ መስታወቱ ውስጥ ካላየ መኪናው የሚነሳም አይመስለው። ከሰዓት ደግሞ ስትመለስ ዳገቱን ትሮጣለች። አይቡን ትጨምቃለች፣ ጨው ታደርግበታለች፣ ትገለብጠዋለች፣ እንደገና ታልባለች፣ ልጅቷን ለቁርባኗ የምታጠናውን ጸሎት ታስደግማታለች። ኤልየሴር ደግሞ ሣሩን በውሃ እያጠበ ቀኑን ሙሉ ይውላል። አንዱን ጥግ አጥቦ ሲጨርስ ሌላው ጥግ ላይ አመድ ወርዶ ይጠብቀዋል። እሱ አይናደድም። እኔ ነኝ የምናደድለት።

አውቶቡስ ላይ እንዳትተኛ ቆማ ነበር የምትሄደው። አንድ ቀን ወንበር አገኘችና ተቀመጠች። መቀመጥ አልነበረባትም። ገና ድልድዩን ሳያልፉ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እንቅልፉ ውስጥ ደግሞ ሥራ ጀመረች፣ ሁለት ክንዷን እንዲያ ስትዘረጋ አጠገቧ የተቀመጠውን ሎተሪ ሻጭ አፍንጫውን አለችው። ባርኔጣው በመስኮት ወጣ። ሰውዬው ደግ ነው፣ እየሳቀ እኔ ሎተሪ እሸጣለሁ እንጂ አይደርሰኝም ነበር አለ። ወሬው ግን ከሷ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ፤ ማን እንዳወጣው አትጠይቂኝ። ኢስሜኒያ ሰማችና ጣቷን አየች፣ አላጠፈችም። አውቶቡስ ከሦስቱ ውስጥ አልተባለም።

የፈራሁት ሌላ ነው። እጆቿ መደንዘዝ ጀምረው ነበር። ጠዋት ላይ ባልዲውን ስታነሳ ጣቶቿ ይከዷታል። ማንም ሳያይ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ትቆማለች፣ ከዚያ ነው ወደ ላሞቹ የምትሄደው። አራተኛዋ ላም ጎሎሳ፣ ስሟ እንኳ ሆዳሟ ማለት ነው፣ የደነዘዘ እጅ አትወድም፤ ትራገጣለች። አንድ ቀን ሙሉ ባልዲ ወተት ደፋችባት። ኦዲሊ የፈሰሰውን ቆማ አየች፣ ቀና ስትል ደግሞ እኔን አጥሩ ላይ አየችኝ። ባዶውን ባልዲ አንስታ ገባች። እኔም ለማንም አልነገርኩም። ለኔ ልጅ መውለድ ይቀላል፣ ያንን ወሬ ይዤ ከመክረም።

ዝም ብዬ ግን አልከረምኩም። ኢስሜኒያ ጋ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። የፓኔላ፣ ያ የሸንኮራው ስኳር፣ ውሃ ታቀርብልኛለች፣ እኔ እየጠጣሁ ስለ ከተማ አወራላታለሁ። ኦልማን ቤት የገባ ሰው ነግሮኛል አልኳት፣ የተዘጋጀልሽ ክፍል የኋላኛው ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ያለበት። ዶሮ ማርባት አይፈቀድም። የኦልማን ሚስት ደግሞ የሲጋራ ሽታ አትወድም። ኢስሜኒያ ሲጋራዋን ከአፏ አውጥታ አየችኝ። «ማን ነው የነገረሽ?» አለችኝ። ሰው ነው አልኳት። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ግን ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ አንዴ ሄጄ ቤቱን ዞሬ አይቼዋለሁ። መጠጫውን አስቀምጬ ስወጣ አሮጊቷ መስኮቱ ጋ ቆማ ዶሮዎቿን ትቆጥር ነበር። የሸጠች ሴት ዶሮ አትቆጥርም ብዬ በልቤ ያዝኩት። ግን ቃል የሰጠች ኩሩ ሴት ነገሯን ማጠፍ ሞቷ ነው፣ እሱንም አውቃለሁ።

ሳን ኢሲድሮ ያን ዓመት እሑድ ዋለ። የኬይሊን የመጀመሪያ ቁርባንም በዚያው ቀን ተባለ፣ ቄሱ ብዙ ጊዜ ዳገት መውጣት አይወድም፣ ከብቱንም ልጆቹንም ባንድ ላይ ይጨርሳቸዋል። ቀሚሱ ከአክስቷ ልጅ የመጣ ነጭ ቀሚስ ነው፣ ጥሩ ነው ግን መሬት ይጠርጋል። ማሳጠር ያስፈልገዋል። ኢስሜኒያ ቀሚሱን ወንበር ላይ አንጠልጥላው፣ በየቀኑ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ትናገራለች፤ የአሜሪካንን ኳስ ሁሉ የምትሰፋ ሴት የልጇን ጠርዝ መስፋት አቃታት ትላለች። ለማንም አይደለም የምትናገረው፣ ለቀሚሱ ነው።

ፋብሪካው ደግሞ ያን ሰሞን ጦፏል። እዚያ ማዶ ጨዋታው ተጀምሯል፣ ኳስ ትንሽ አፈር ከነካው ይጥሉትና ሌላ ያመጣሉ አሉ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ቅዳሜውን ሙሉ ሥራ አለ ተባለ። አልመጣም ብትል ሁለተኛው ጣት ይታጠፋል። ሄደች። ዋለች። በመጨረሻው አውቶቡስ መጣች፣ ላሞቹን አለበች፣ አይቡን ገለበጠች፣ ከዚያ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ነጩ ክር ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶላታል፣ ኤልየሴር ራሱ ነው ያስቀመጠው። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሞ ያሰበው ነገር ይሄ ነበር፣ ምስኪን። እጇ ግን ወደ ጠረጴዛው አልሄደም። ዓይኗ ነጭ ነገር ጉልበቷ ላይ አየ፣ እጇ ወደ ሽርጧ ኪስ ገባ፣ የፋብሪካው ቁርጥራጭ ክር ወደሚጠራቀምበት። ሰፋችው። እንዴት እንደሰፋችው አታስታውስም። አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አድርጋ ተኛች።

ጠዋት ደግሞ ጎሎሳ የኔን ቻዮቴ፣ ያን ዱባ መሳይ አትክልቴን፣ በላች። አጥሩን ጥሳ ገብታ፣ ሐረጉ ላይ የተንጠለጠለውን ሁሉ። ኦዲሊ ገመድ ይዛ ከኔ ጓሮ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ መንገዱ ስታባርራት፣ ልጅቷን የማልበስ ነገር አያት ላይ ወደቀ። ኢስሜኒያ ካጠገቧ ያለ ነገር አይታያትም፣ መነጽር አድርጊ ሲሏት ያማታል። ቀሚሱን በዳበሳ አለበሰቻት፣ አዝራሩን በዳበሳ ቆለፈች። ተራራው ስስ አመድ እየነፋ ስለነበር ከላይ ረጅም የዝናብ ልብስ ደረበችባትና ወጡ። ልጅቷ ዝም ብላ ነበር። ኬይሊን ዝም ካለች አንድ ነገር አለ፤ እኔ ያን ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ።

የቤተክርስቲያኑ ደጅ በሬና ላም ሞልቶታል። ጋሪዎቹ ተቀብተዋል፣ ቀንዶች ላይ ሪባን ታስሯል፣ እኔም ዶሮዬን በቅርጫት ይዤ ቆሜያለሁ፣ እሷም ነፍስ አላት። ኤልየሴር ሦስቱን ላሞች ይዞ ቀድሞ ደርሷል። ዊልበርት መኪናውን እዚያው ላሞቹ ፊት ገትሮ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከተማ የሚያውቃቸውን ሁለት ወዳጆቹን ይዞ መጥቷል። ኦዲሊም ጎሎሳን እየጎተተች፣ ጫማዋ ጭቃ፣ ፀጉሯ ላይ አመድ፣ ልክ ቄሱ ብቅ ሲል ደረሰች። ሦስቱም ሞልተውላት ነበር። ላሞቹ አራቱም ቆመዋል፣ ሥራ አልቀረችም፣ ልጅቷም ደርሳለች። ፊቷን አየሁት፤ ካገባች ጀምሮ እንደዚያ ስትተነፍስ አይቻት አላውቅም።

ያኔ ኢስሜኒያ የዝናብ ልብሱን አወለቀችላት።

ነጭ ቀሚስ ነው። ከታች ዙሪያውን፣ ያ ደማቅ ቀይ ክር፣ በሁለት ወገን እየተሻገረ፣ እንደ ዓሣ አጥንት፣ ጥብቅ ብሎ፣ እኩል ሆኖ፣ ሰም ስላለው እያበራ። ሌላ ሰፈር ቢሆን ጌጥ ነው ይሉት ነበር። እኛ ሰፈር ግን ከየቤቱ አንድ ሰው ኳስ ሰፍቷል። ማንም አልተሳሳተም። ደጁ ጸጥ አለ፣ በሬዎቹ ሳይቀሩ።

ኦዲሊ እጇን ሽርጧ ያለበት ቦታ ላይ አደረገች፣ ሽርጥ አልለበሰችም ነበር። የላሚቱን ገመድ ይዛ ነው የቆመችው።

ኢስሜኒያ ምን ሆናችሁ፣ ምን አያችሁ ብላ ጎንበስ አለች። ጠርዙን ይዛ ከዓይኗ አርቃ አየችው። ቀስ ብላ ቀና አለችና ሦስት ጣቷን አወጣች። ይህን ሁላችንም አየን። ሦስተኛዋን ጣት ልታጥፋት ጀምራለች።

ልጅቷ ናት የተናገረችው። «እናቴ ናት የሰፋችው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ጠዋት አይቼዋለሁ። እንዳትፈታው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መሬቱ ሄዶ ነበር። ግን ዊልበርት ሰው የሚያስቅ ይመስለዋል። ወዳጆቹን ጠቀሰና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዶኛ ኢስሜኒያ፣ የልጅ ልጅዎን ይወርውሯት እስቲ፣ አሜሪካኖቹ ይቀልቧታል» አለ።

ወዳጆቹ ሳቁ። ከኋላም አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዶሮዋን አፏን ይዤ ነበር፣ እሷም እንዳትስቅ።

ኢስሜኒያ ጣቷን ሳታጥፍ ዞረች። ይቺ ሴት ባሏ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ናት።

«ያለበስኳት እኔ ነኝ» አለችው። «የሚያስቅ ነገር ካየህ እኔን እያየህ ሳቅ።»

«ቀልድ ነው እኮ ዶኛ፣ እርስዎንማ—»

«መኪናህን ከላሞቼ ፊት አንሳ። ጭሱን እየጠጡ ነው።»

«እሺ አነሳለሁ። ግን የመሬቱን ነገር ከቅዳሴው በኋላ—»

«የቱን መሬት?» አለችው።

እንዲህ ብላው ክንዷን ለልጅቷ ሰጥታ ገባች። ዊልበርት ወዲያና ወዲህ አየ፣ ምስክር የሚፈልግ ይመስል። እኔን ሲያየኝ ዶሮዬን አየሁ። ከቤተሰቡ ውጭ ቃሏን የሰማው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ያን ዕለት ጆሮዬን ያመኝ ነበር።

አሮጊቷ ልቧ ራራ እንዳትይኝ። በበሩ ስታልፍ ኦዲሊን ክንዷ ላይ ቆንጥጣ «ነገ ትፈቺዋለሽ፣ ነጭ በነጭ ትሰፊዋለሽ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ተሽሎት ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ «እስከሚመጣው ሳን ኢሲድሮ አይሻለሁ» አለቻት። አየሽ፣ ጣቶቹ አልታጠፉም፣ አልወረዱምም። ሰኞ ጠዋትም ያው ባልዲ፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው ሹፌር መስታወቱን እያየ። ተራራው ዛሬም ያጉረመርማል፣ ኤልየሴርም ያጥባል፣ እሷም ትሮጣለች። አሁን እጆቿን በሁለት ጨርቅ አስራ ነው የምትተኛው። ዊልበርት የሌላ ሰው መሬት እያየ ነው ይባላል፤ የማንን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሌላ ቀን ስትመጪ አንድ ነገር ይዘሽ ነይና እነግርሻለሁ።

ቀሚሱም አልተፈታም። ኬይሊን ደበቀችው፣ የት እንደደበቀችው እኔ ነኝ የማውቀው።

ግን ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ቀሚሱ አይደለም፣ ቅዳሴው ላይ ስለሆነው ነው። ኦዲሊ ገብታ ከፊት ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ከስንት ሳምንት በኋላ በሰላም የተቀመጠችው ያኔ ነው። መሬቱ አልተሸጠም። ልጇ ፊት ለፊቷ ተንበርክካለች። ስብከቱ ሳይጀመር እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ። ኤልየሴር ሊቀሰቅሳት አሰበ፣ ግን ያው ሐሳቡ ገና መንገድ ላይ ነበር። ቄሱ መሠዊያው ጋ ደረሰ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ያቺ የምትፈራት ጸጥታ ናት የቀሰቀሰቻት። ዓይኗን ስትገልጥ፣ ፊት ለፊት ሰውዬው ነጩን፣ ክቡን ኅብስት ከራሱ በላይ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ይዞታል። ብድግ አለች። እጇን አወጣችና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣

«የኔ አይደለችም» አለች፣ «እሷ ገና አልተሰፋችም።»